ስለ ጉልበት ሕመም ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተነገረ ንግግር

 ባለፈው ጊዜ ስለ ምንጭ ውሃ አጠባበቅና ስለ ዝንብ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ የምንነግራችሁ ደግሞ በየቤታችሁ ስላለ፣ ነገር ግን ማንም እንደ በሽታ ቆጥሮ ስለማያዋየን ሕመም ነው፤ ይኸውም የጉልበት ሕመም ነው። ከጂጋ እስከ ማንኩሳ፣ ከቡሬ እስከ ሽንዲ በየደጁ ስንዞር፣ አንዲት እናት ከዱካቸው ሊነሡ ሲሉ በአንድ እጃቸው ጉልበታቸውን፣ በሌላው ምሰሶውን ይዘው «ወይ እመብርሃን!» ሲሉ እንሰማለን። «ምን ሆነዋል እማማ?» ስንላቸው፣ «ኧረ ምንም አይደል ልጄ፤ ብርድ ነው፤ እርጅናም ነው» ይሉናል። ከዚያም ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ።

እኛ ግን ይህን «ምንም አይደል» የሚለውን ቃል አንቀበልም። ለምን እንደማንቀበል አንድ ነገር እንንገራችሁ።

በቡሬ ገጠር ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ሰባት ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናት ነበሩ። ሁለቱም ጉልበታቸው ያማቸው ነበር። ሐኪም ዘንድ አልሄዱም፤ በገበያ ቀን ሲወርዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን ይገዛሉ፤ ሲብስባቸውም መርፌ ይወጋሉ። መርፌውን በተወጉ ማግስት እንደ ልጃገረድ ይራመዱ ነበር። «መድኃኒትማ ይህ ነው» ብለው ለጎረቤት ሁሉ መሰከሩ። እንዲህ ሲሉ ሁለት ዓመት ቆዩ። በኋላ ሆዳቸውን ያቃጥላቸው ጀመር፤ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ አንድ ቀን ጠዋትም ምድጃው አጠገብ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። የአገሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷቸው፤ ደም ተሰጥቷቸው ተረፉ። ጉልበታቸው ሊገድላቸው የሚችል አልነበረም፤ ለጉልበታቸው ብለው የዋጡት ግን ሊገድላቸው ለጥቂት ቀረ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ሕመሙ ምን እንደሆነ እንወቅ። በግ ሲታረድ የቅልጥሙን ጫፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ። አጥንቱ ከአጥንት ጋራ በሚገናኝበት ቦታ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲነኩት የሚያንሸራትት ሽፋን አለው። ያ ልም አጥንት ይባላል። በሰውም ጉልበት እንዲሁ ነው። በሁለቱ ልም አጥንቶች መካከል ደግሞ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ጥቂት ፈሳሽ አለ፤ እንደ ቅባት ሆኖ ያገለግላል። ጉልበታችን ሳይፋጭ የሚታጠፈውና የሚዘረጋው በነዚህ ሁለቱ ነው።

ዘመን ሲቆጠር፣ ሸክምም ሲበዛ፣ ያ ልም አጥንት እየሳሳ ይሄዳል፤ በቦታውም ሸካራ ይሆናል። ሰውነታችን ደግሞ ዝም ብሎ አያይም፤ የተጎዳውን ሊጠግን ሲሞክር በአጥንቱ ዳርና ዳር ትርፍ አጥንት ያበቅላል። የጉልበቱ ውስጠኛ ሽፋን ይቆጣል፤ ውሃም ይቋጥራል። በዙሪያው ያለው ጡንቻም ይደክማል። ሐኪሞች ይህን ሕመም ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል። በአገራችን አንዱ ብርድ፣ አንዱ ቁርጥማት፣ ሌላው ሪህ ይለዋል፤ ነገር ግን እውነተኛው ሪህ ሌላ በሽታ ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ የእግርን አውራ ጣት በድንገት በሌሊት የሚያነድና የሚያቀላ ነው። አንዱን በሌላው ስም መጥራት መድኃኒቱንም ያሳስታልና እዚህ ላይ አስተውሉ።

ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ከመኝታ ስትነሡ ጉልበት ግትር ይላል፤ ጥቂት ከተንቀሳቀሳችሁ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ ይፍታታል። ቁልቁለት ሲወርዱ ከዳገቱ ይልቅ ያማል። ቁጢጥ ብሎ መነሣት ጭንቅ ይሆናል። ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሲውል የነበረው ሥራ ሲበዛ ማታ ይጠዘጥዛል፤ ሲያርፉ ይቀንሳል። በአንዳንድ ሰው ላይ እየቆየ እግሩ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ዳሌን፣ ወገብን፣ የእጅ ጣቶችንም ይይዛል፤ ነገር ግን በጣም የሚበዛው በጉልበት ላይ ነው።

ታዲያ ከምን ይመጣል? ከብርድ አይደለም። በክረምት ጊዜ ወይም ዝናብ ሊመጣ ሲል ሕመሙ ይበልጥ ይሰማ ይሆናል፤ ጋቢ ማልበስም ደስ ያሰኛል እንጂ አይጎዳም። ነገር ግን ብርድ ልም አጥንትን አይበላም። ልም አጥንትን የሚጎዱት ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ ቀድሞ የደረሰ ስብራት ወይም ወለምታ፣ ከወላጅ የሚወረስ ጠባይና ዘወትር ጉልበትን የሚያጨናንቅ ሥራ ናቸው። ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ ያጠቃል፤ ይልቁንም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ይህ በሽታ ያለባቸው ሰዎች በዓለም ሁሉ 528 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ ከመቶው 60ዎቹ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ፣ እናቴ ሆይ፣ ይህ በአንቺ ቤት ብቻ የመጣ አይደለም፤ የማንም እርግማን ወይም ቡዳም አይደለም።

ስለ ሥራ ካነሣን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በሶርያ አገር አቡ ሁረይራ በሚባል ስፍራ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ገበሬዎች አጥንት ከመሬት ወጥቶ ነበር። ቴያ ሞሌሰን የተባሉ እንግሊዛዊት የአጥንት ተመራማሪ እንደ ፈረንጆች በ1994 እንደጻፉት፣ የብዙዎቹ ሴቶች የእግር አውራ ጣት፣ ጉልበትና የታችኛው ወገብ አጥንት የተጎዳ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን ሲመረምሩ በቀን ብዙ ሰዓት ተንበርክከው እህል በድንጋይ መፍጨታቸው ሆነ። ወፍጮና መጅ የምታውቁ እናቶች ይህን ስትሰሙ ፈገግ ማለታችሁን እናያለን። ዛሬ በብዙ ቀበሌ የሞተር ወፍጮ ገብቶ ያ ሥራ ቀንሷል፤ ተመስገን ነው። ነገር ግን ጤፍ ማረሙ፣ በርበሬ መልቀሙ፣ ውሃና ማገዶ መሸከሙ፣ በምድጃ ዙሪያ ቁጢጥ ማለቱ ገና አልቀረም። በቻይናም በቤጂንግ ከተማ በተደረገ ጥናት ሴቶች ከአሜሪካ ሴቶች ይልቅ በጉልበት ሕመም የሚጠቁ ሆነው ተገኝተዋል፤ በወጣትነት ዘመን በቀን ረጅም ሰዓት ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ አንዱ ምክንያት እንደሆነ ታይቷል።

እንግዲህ ሥራ ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም! ሥራ ያቆመች ጉልበት ትብሳለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጉልበቱ ሲያመው ይተኛል፤ ሲተኛ የጭኑ ጡንቻ ይሰልላል፤ ጡንቻው ሲሰልል የሰውነቱ ሸክም ሁሉ በታመመው አጥንት ላይ ያርፋል፤ ሕመሙም ይጨምራል፤ እሱም የበለጠ ይተኛል። ልጆቹ ደግሞ «አረፍ ይበሉ እማማ፣ አይነሡ» እያሉ በፍቅር ያሰንፏቸዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከደጅ ወጥታ ጎረቤት ጠይቃ የማታውቅ እናት የምትሆነው እንዲህ ነው።

የጉልበት ዋነኛው መድኃኒት የጭን ጡንቻን ማጠንከር ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ዱካ ወይም መደብ ላይ ተቀመጡ፤ አንዱን እግር ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ፊት ዘርጉ፤ የእግራችሁን ጣቶች ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ ጭናችሁ ሲጠነክር ይሰማችኋል። እስከ አምስት ቁጠሩና ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ይህን አሥር ጊዜ ካደረጋችሁ በኋላ በሌላው እግር ድገሙት። ደግሞም እጃችሁን በደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ፣ ከፍ ካለ መቀመጫ ላይ ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥ፣ አሥር ጊዜ። ማታ ስትተኙ ነጠላ ጠቅልላችሁ ከጉልበታችሁ በታች አድርጉና በጉልበታችሁ ወደ ታች ጫኑት፤ ልቀቁት፤ እንደገና ጫኑት።

«በየቀኑ ማን ያስታውሰዋል?» ትሉ ይሆናል። እኛም ይህንኑ አስበን ነበር፤ መልሱን ግን ያገኘነው ከአንዲት ወይዘሮ ነው። ቡና ሲፈላ አይደል የምትቀመጡ? አቦሉ እስኪቀዳ ቀኙን እግር፣ ቶናው እስኪደርስ ግራውን፣ በረካው ሲመጣ ደግሞ መነሣትና መቀመጡን አድርጉ። ጎረቤት ቢስቅም ይሳቅ። እንቅስቃሴው ሲጀመር ጥቂት ሊያም ይችላል፤ ይህ አያስፈራም። ነገር ግን በማግስቱ ጉልበቱ ካበጠ አብዝታችኋል ማለት ነውና ቀንሱት። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ለውጥ ካላያችሁ አትተዉት፤ ጡንቻ እንደ ቡቃያ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለት ወይም ሦስት ወር ያህል ታገሡ።

ስለ ክብደት ስንናገር እንጠንቀቅ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ ተቀምጠው የሚነግዱ፣ ሰውነታቸው የገዘፈ እናቶች አሉ፤ ለነሱ አንድ ኪሎ መቀነስ በየእርምጃው ከጉልበታቸው ላይ አራት ኪሎ ያህል እንደ ማውረድ ነው፤ ዘይትና ስኳር ይቀንሱ፤ በእግራቸው ይሂዱ። ገጠር ያለችውን ከሲታ እናት ግን «ክብደት ቀንሺ» የሚል ባለሙያ ቢገጥማችሁ አትስሙት። እሷ መቀነስ ያለባት የሰውነቷን ሳይሆን የጀርባዋን ሸክም ነው።

አባቶች ሆይ፣ አሁን እናንተን እንናገራለን። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። በደልዳላ ሜዳ ስንሄድ እንኳ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ኃይል የክብደታችን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት ሲሆን ከዚያም ይብሳል። ታዲያ ሚስትህ በቀን ሦስት ጊዜ ይህን አዝላ ስትመላለስ አህያው ከበራፍ ቆሞ ሣር ይግጣል። ለምን? አህያ ካለ አህያው ይጫን። በጋሪ የሚገኝ ከሆነ በጋሪ ይምጣ። አህያም ጋሪም ከሌለ ወንዶች ልጆች በተራ ይቅዱ፤ ጀሪካኑም 10 ሊትር የሚይዘው ይሁን። «ወንድ ውሃ አይቀዳም» የሚለውን እኛም ሰምተነዋል። የጉልበት በሽታ ግን ይህን ወግ አያውቅም፤ ሸክሙ የወደቀበትን ጉልበት ይበላል።

ቤቱንም ለጉልበት የሚመች ማድረግ ይቻላል። ምድጃው መሬት ላይ ከሆነ እናት ቀኑን ሙሉ ታጥፋ ትውላለች፤ በጭቃና በድንጋይ ከፍ ያለ መደብ ሠርታችሁ ምጣዱን ከወገብ ትክክል ብታስቀምጡት ቆማ ትጋግራለች። ጭሱን የሚቀንሰው ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃም በዚህ መደብ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ዓይንና ሳንባም አብረው ያርፋሉ። ዱካው አጭር ከሆነ እግሩ ይረዝም፤ ተቀምጣችሁ ጉልበታችሁ ከዳሌያችሁ በላይ የሚወጣ ከሆነ ዱካው አጥሯል ማለት ነው። ዘወትር የሚያስፈልገው ዕቃ፣ ጨውና በርበሬው፣ ከመሬት ሳይሆን ከደረት ትክክል በሆነ መደርደሪያ ይቀመጥ። አረም ስታርሙም ሙሉ ቀን በአንድ አኳኋን አትዋሉ፤ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ቀና በሉ፤ እግራችሁን ዘርጉ።

ከሁሉ ይልቅ የሽንት ቤቱን ነገር አደራ እንላለን፤ ማንም አፍሮ አይናገረውምና። ቁጢጥ ማለት ያቃታቸው አረጋዊት ወደ ሽንት ቤት መሄድ ይፈራሉ። ሽንት ቤት እንዳያዘወትሩ ውሃ መጠጣት ይቀንሳሉ፤ ሆዳቸው ይደርቃል፤ ወይም በሌሊት ጓሮ ይወጣሉ። ያን ጊዜ እኛ ስለ ዝንብና ስለ ተቅማጥ ያስተማርነው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከጉድጓዱ አፍ ላይ መካከሉ የተቀደደ የእንጨት ሳጥን እንደ ወንበር ይቀመጥ፤ ክዳን ይኑረው፤ ጠርዙ በላጊ ይለስልስና በየቀኑ በሳሙና ይታጠብ። ከጎኑ አንድ ጠንካራ እንጨት በመሬት ይተከል፤ ሲነሡ የሚይዙት ነው። የእጅ መታጠቢያውም ውሃ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይሰቀል። ይህን የሠራ ቤተ ሰብ ለእናቱ ከክኒን የበለጠ ነገር አድርጓል።

ምርኩዝም አትናቁ። ወንዱ ገና በእረኝነቱ ዱላ ይይዛል፤ ማንም አይስቅበትም። በቤተ ክርስቲያንም መቋሚያ ተይዞ ይቆማል። ሴት ግን ምርኩዝ ስትይዝ «አረጀች» ይሏታል ብላ ታፍራለች። ምርኩዙን የምትይዙት ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ነው፤ ቀኝ ጉልበት ከታመመ በግራ እጅ። ስግደትና ረጅም መቆም የሚያቅታችሁም ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ የሚሻለውን ይነግሯችኋል።

አሁን ወደ መድኃኒት እንመለስ። በጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ጉልበት ላይ ማድረግ ይረዳል፤ እንዳያቃጥል ብቻ ተጠንቀቁ። በጉልበት ላይ የሚቀባ ዲክሎፌናክ የሚባል ቅባት አለ፤ ለጉልበት ጥሩ ነው፤ ከሚዋጠውም ይልቅ ለሆድ አያሰጋም። ፓራሲታሞል ለአንዳንዱ ሰው ጥቂት ይረዳል፤ ለአዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊግራሙ በአንድ ቀን ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም፤ አረቄ የሚያዘወትር ወይም ጉበቱን የሚያመው ሰው ግን ሐኪም ሳይጠይቅ አይውሰድ። የሚዋጡት ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ሕመም ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ የደም ግፊትን ይጨምራሉ። ስለዚህ በባለሙያ ትእዛዝ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ ይወሰዱ። ነፍሰ ጡር፣ ጨጓራ፣ ግፊት ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው በራሱ ፈቃድ አይውሰዳቸው። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ያን ቀን ሳይመሽ ወደ ሐኪም!

ዴክሳ የሚሉት መርፌና ክኒን ደግሞ ሙሉ ስሙ ዴክሳሜታዞን ነው። መልካም መድኃኒት ነው፤ በሆስፒታል ብዙ ነፍስ ያድናል። ለጉልበት ቁርጥማት እየተገዛ ሲወሰድ ግን ፊት ያሳብጣል፤ ስኳርና ግፊት ያመጣል፤ አጥንት ያሳሳል፤ ሰውነት በሽታን እንዳይከላከል ያደርጋል። በድንገት ቢተዉትም አደጋ አለው፤ ብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው ካለ አይፍራ፤ ወደ ሐኪም ሄዶ እውነቱን ይንገረውና ቀስ በቀስ ይቀነስለት። ሐኪም በንጹሕ መሣሪያ በጉልበት መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋው መርፌ ሌላ ነው፤ እሱም ለጥቂት ሳምንት ያሻሽላል እንጂ አይፈውስም። ጉልበቱ ፈጽሞ ለተበላሸ ሰው ጉልበትን በብረትና በፕላስቲክ የሚተካ ቀዶ ሕክምና አለ። በአገራችንም በአዲስ አበባ ይደረጋል፤ ነገር ግን ወጪው ብዙ ነው፤ ተራውም ረጅም ነው። የተበላውን ልም አጥንት መልሶ የሚያበቅል ክኒን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ አለኝ የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ፈልጎ ነው።

ወጌሻ በለጋ ቅቤ ቀስ አድርጎ ቢያሽ አይከፋም። መተኮስ፣ መብጣትና ዋግምት ግን ይቅሩ። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ቲታኖስ ይገባል፤ አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው ከሆነ ደግሞ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ያስተላልፋል። ጠበል የሚጠመቅም ሰው ይጠመቅ፤ የታዘዘለትን መድኃኒትና እንቅስቃሴ ግን አይተው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ደጋግመን እንናገራለን። የሚያም መገጣጠሚያ ሁሉ ይህ በሽታ አይደለም። የአምስት ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ጉሮሮውን ካመመው በኋላ ጉልበቱ፣ ከዚያም ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያም ክርኑ እየተዛወረ ቢያብጥ፣ «ብርድ መታው» ብላችሁ እንዳትተኙ! ይህ የልብን በር የሚያበላሽ በሽታ ነው፤ በጊዜው ከተደረሰበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚወጋ ፔኒሲሊን ይጠበቃል። አንድ ጉልበት በድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳትም ጨምሮ መታጠፍ ቢያቅተው ውስጡ መግል ይዞ ይሆናልና አንድ ቀን አይታደር። ወገቡን ለብዙ ሳምንት የሚያመው፣ ማታ የሚያልበውና የሚከሳ ሰው የሳንባ ነቀርሳው ዓይነት በአጥንቱ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ጥሬ ወተት ከሚጠጣበት ቤት ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ ደግሞ ከከብት የሚተላለፍ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ ስለዚህ ወተቱ ይፍላ። ከሠላሳ ዓመት በታች ያለች ሴት የእጇ አንጓዎች ሁሉ አብጠው ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ግትር የሚሉ ከሆነም ሌላ በሽታ ነው፤ ሌላም መድኃኒት አለው። ይህን የሚለየው ሐኪም ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቋት፤ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ትመራችኋለች።

እነዚያ የቡሬ እናት እንዴት ሆኑ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ጉልበታቸው አሁንም ያማቸዋል። ጠዋት ሲነሡ «ወይ እመብርሃን» ማለታቸው አልቀረም። ነገር ግን ልጃቸው ምድጃውን ከፍ አድርጎ ሠራላቸው፤ ውሃውን የሚያመጣው አህያው ነው፤ እሳቸውም ቡናው ሲፈላ እግራቸውን ይዘረጋሉ። ባለፈው የማርያም ዕለት በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው መመለሳቸውን ራሳቸው ነገሩን።

ጥያቄ ያለው ይጠይቀን፤ ቡናውም እየደረሰ ነው። እስከዚያው ድረስ፣ እናቶች፣ ቀኝ እግራችሁን ዘርጉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…